ስምንት ተጫዋች፣ አንድ ቴሌቪዥን፦ ቴከን በኮልፌ ቀራንዮ

በአየር ጤና፣ በዓለም ባንክ፣ በቤቴል ወይም በ18 ማዞሪያ ካሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች አንዱ ጋ ጎራ ያለ ሰው በአብዛኛው የሚያገኘው ኳስ ነው። ቤቱን ፊፋና ፔስ ይዘውታል። አርሰናልን ወይም ማንቸስተር ዩናይትድን የሚደግፍ ልጅ ጆይስቲኩን እንደጨበጠ ምን ማድረግ እንዳለበት ማንም ሳይነግረው ያውቃል። የድብድብ ጨዋታዎች ግን ተጫዋች ሲጠፋ ወይም ልጆች ኳስ ሲሰለቻቸው ብቻ የሚከፈቱ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ስሙን ሁሉም የሚያውቀው፣ ምንነቱን ግን ጥቂቶች ብቻ የሚረዱት ጨዋታ ቴከን ነው።

ቴከን የጃፓኑ ናምኮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው፣ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት የሚፋለሙበት ጨዋታ ነው። ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ቴከን 3 ኤዲ ጎርዶ የሚባለውን የካፖኤራ ተፋላሚ ይዞ መጣ። በኤዲ የእግር ቁልፎቹን እየደጋገመ የሚደበድብ ጀማሪ እንኳ ጓደኛውን ሊያሸንፍ ይችላል። ብዙ ሰው ቴከንን ዝም ብሎ ቁልፍ መቀጥቀጥ አድርጎ የሚቆጥረውም ከዚህ የተነሳ ነው። እውነቱ ግን ከዚህ በጣም የራቀ ነው።

አራቱ ቁልፎች ሁለት እጅና ሁለት እግር ናቸው። አራት ማዕዘኑ የግራ እጅ፣ ሦስት ማዕዘኑ የቀኝ እጅ፣ ኤክሱ የግራ እግር፣ ክቡ የቀኝ እግር ነው። ከላይና ከመሃል የሚመጣ ምት ቆሞ ይመከታል፤ ከታች የሚመጣው ደግሞ ቁጢጥ ብሎ። ሁልጊዜ ቁጢጥ ያለውን የመሃል ምት ያገኘዋል፣ ሁልጊዜ የቆመውንም የታች ምት ይጠርገዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥቃት ለተከላካዩ ጥያቄ ነው፤ መልሱንም ከቅጽበት ባነሰ ጊዜ ውስጥ መስጠት አለበት።

ጥልቀቱ ያለው በዚህ የጊዜ ጉዳይ ላይ ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 60 ምስሎች በስክሪኑ ላይ ያልፋሉ፤ ተጫዋቾች እያንዳንዱን ምስል ፍሬም ይሉታል፣ ጊዜንም የሚለኩት በእሱ ነው። የአብዛኞቹ ተፋላሚዎች ፈጣን ቡጢ በ10 ፍሬም ማለትም በሰከንድ አንድ ስድስተኛ ይደርሳል። ሰው በዓይኑ አይቶ በእጁ ምላሽ እስኪሰጥ ግን ሩብ ሰከንድ ገደማ፣ ወደ 15 ፍሬም ያህል ይፈጅበታል። ፈጣኑን ቡጢ አይቶ መመከት የማይቻለው ለዚህ ነው፤ የተጋጣሚን ሐሳብ ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል፣ ከባድ ምት ከተመከተበት መቺው ወደ ቦታው እስኪመለስ ይዘገያል። መዘግየቱ 10 ፍሬምና ከዚያ በላይ ከሆነ የመከተው ሰው የሚመልሰው ቡጢ አይቀሬ ነው። ይህን የሚያውቅ ተጫዋች ቁልፍ ቀጥቃጩን ኤዲ ተረጋግቶ ይረታዋል።

እንዲህ ያለው ዕውቀት ብቻን ተቀምጦ አይገኝም። ተጋጣሚ ይፈልጋል፤ በተለይ እየተመላለሰ የሚገጥም፣ ድክመትህን የሚያውቅና የሚነግርህ ተጋጣሚ። ለዚህ የፓኪስታኗ ላሆር ጥሩ ምስክር ናት። አርስላን አሽ በሚል ስም የሚታወቀው የላሆሩ አርስላን ሲዲቅ እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ በጃፓን፣ በዚያው ዓመት ደግሞ በላስ ቬጋስ ኢቮ የተባለውን የድብድብ ጨዋታዎች ውድድር በቴከን 7 አሸነፈ። በላስ ቬጋሱ ፍጻሜ የረታው «ኒ» የተባለውን ደቡብ ኮሪያዊ ታላቅ ተጫዋች ነበር። አርስላን ግን በአገሩ ከእሱ የማያንሱ ተጫዋቾች እንዳሉ ተናገረ። «ኒ»ም ልምምድ ፍለጋ ራሱ ወደ ፓኪስታን ተጓዘ። ዓለም ሳያውቃቸው እርስ በርስ ሲፋለሙ የኖሩት የሰፈር ተጫዋቾች ለካ አንዳቸው ሌላውን ሲያሳድጉ ኖረዋል። ኢቮ ራሱም ቢሆን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 በካሊፎርኒያ፣ በ40 ተጫዋቾች ብቻ ነው።

ኮልፌ ቀራንዮ ላይ ቤቱም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ወጣቱም አለ። የጎደለው እየተገናኙ የመጫወት ልማዱ ነው። ተሸናፊ ከፋይ የሚለው የጨዋታ ቤት ደንብ ለኳስ ይሠራል፤ ቴከንን ግን ይገድላል። አንድ ዙር ቢበዛ 60 ሰከንድ ነው፣ ሦስት ዙር የቀደመም ያሸንፋል። ጀማሪ በሁለት ደቂቃ ተሸንፎ፣ ከፍሎ ይነሳል፤ በማግስቱም ወደ ኳሱ ይመለሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከቤቱ ባለቤት ጋር ተነጋግሮ ክፍያውን በሰዓት ማድረግና ለሁሉም እኩል ማካፈል ነው።

ሁለተኛው የታወቀ ቀንና ሰዓት ነው። ማኅበር የሚዘልቀው ሰው ስለበዛበት ሳይሆን ቀኑ ስለማይዛነፍ ነው፤ የቴከን ስብስብም እንደዚያው ነው። የኳስ ደንበኛ በማይበዛበት ከሰዓት በኋላ አንድ ቴሌቪዥን ቢያዝ ባለቤቱም አይጎዳም። ስምንት ሰው ከተገኘ ሁለት ጊዜ ካልተሸነፈ በቀር ማንም የማይወጣበት ውድድር ማካሄድ ይቻላል። ይህ 14 ወይም 15 ግጥሚያ ብቻ ስለሆነ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያልቃል፤ ከሁሉ ያነሰው ተጫዋችም ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይጫወታል።

ሦስተኛውና ዋናው ማስተማር ነው። ጎበዙ ጀማሪውን አሸንፎ ዝም ካለ በወሩ ብቻውን ይቀራል። ከግጥሚያው በኋላ «ያቺን ምት ቁጢጥ ብለህ መክት፤ ከመከትክ በኋላ ቶሎ ቡጢ መልስ» ቢለው ግን ለሚቀጥለው ሳምንት ተጋጣሚ አፈራ ማለት ነው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ እንደሚባለው፣ መሸነፍ የማያስቀይምበት ቤት ብቻ ነው ሰው የሚያቆየው።

ፕሌይስቴሽን 4 ላለው ቤት አዲስ ዕቃ መግዛትም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ቴከን 8 በፕሌይስቴሽን 4 ላይ አይሠራም፤ ቴከን 7 ግን ይሠራል፣ ለመማርም ከበቂ በላይ ነው። ሁለት ሰው በአንድ ክፍል ሲጫወት ኢንተርኔት አይፈለግም፤ በመስመር መዘግየት የሚጠፋ ፍሬምም የለም። ወላጆች እንዲያምኑት ደግሞ ቤቱ በትምህርት ሰዓት ተማሪ የማይገባበት፣ ውርርድ የሌለበት ሊሆን ይገባል።

እንግዲህ በኮልፌ ያላችሁ የቴከን ወዳጆች፣ ብዛታችሁን አትጠብቁ። ሁለት ሆናችሁ ቀን ቁረጡ፣ ሦስተኛውን ጋብዙ፣ የምታውቁትን አስተምሩት።