የባስ ድራም ድምፅ፦ ቅኝትና ማፈን

ከድራም ስብስብ ሁሉ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ባስ ድራም በጎኑ መሬት ላይ ተቀምጦ በእግር በሚረገጥ ፔዳል የሚመታ ሲሆን፣ የአፉ ስፋት አብዛኛውን ጊዜ 20 ወይም 22 ኢንች ነው። የእንጨት ቀፎው ሁለት አፎች በቆዳ ይወጠሩ ነበር፤ ነገር ግን የእንስሳ ቆዳ የአየሩን እርጥበት እየተከተለ ስለሚላላና ስለሚጠብቅ፣ ከ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በስስ የፖሊስተር ፕላስቲክ እየተተካ መጥቷል።

ድምፁ የሚወለደው ከተመታው ገጽ (በቀፎው አፍ ላይ ከተወጠረው ሽፋን) ብቻ አይደለም። የፔዳሉ መምቻ የኋለኛውን ገጽ ሲገፋው በቀፎው ውስጥ ያለው አየር ታምቆ የፊተኛውን ይገፋዋል፣ ሁለቱም አብረው ይርገበገባሉ። ክብ ገጽ ደግሞ እንደ ክራር ጅማት አይደለም፤ ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ የሚደረቡት ቀጫጭን ድምፆች ከእርሱ ጋር ስለማይሰምሩ፣ ረዝመው ሲሰሙ ሌሎቹን መሣሪያዎች የሚሸፍን ጉምጉምታ ይሆናሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ቅኝት ነው። የመወጠሪያ ብሎኖቹ በጣት ከጠበቁ በኋላ የገጹ ጭምድድ እስኪጠፋ ድረስ ትይዩ የሆኑት ጥንድ ጥንዳቸውን በቁልፍ ጥቂት ጥቂት ይዞራሉ፤ ውጥረቱ ከብሎን ብሎን ከተለያየ ድምፁ ይዋልላል፣ ይህንንም ምንም ዓይነት ጨርቅ አያቃናውም። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ደረጃ ዘልለው ቀፎውን በብርድ ልብስ መጠቅጠቃቸው የሚያሳዝን ነው፤ ጥሩ የሆነውን መሣሪያ ሳይሰሙት ያፍኑታልና።

ከቅኝት በኋላ የሚመጣው ማፈን፣ ማለትም የንዝረቱን ዕድሜ ማሳጠር፣ በልክ ሲሆን ያምራል። ገጹን ዳር ዳሩን የሚነካ ትንሽ ትራስ ወይም ከገጹ በስተጀርባ የሚወጠር የወፍራም ሱፍ ቅዳጅ ቀጫጭኖቹን ድምፆች ያከስማል፤ ዳራቸው ላይ ተጨማሪ የፕላስቲክ ቀለበት ተጣብቆ የሚሸጡ ገጾችም ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። በፊተኛው ገጽ ላይ ከመሃል ፈንጠር ብሎ የሚቀደድ ከ4 እስከ 5 ኢንች የሚሆን ቀዳዳ የታመቀውን አየር ያስተነፍሳል፣ ለማይክሮፎንም መግቢያ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1966 የቢትልስ የድምፅ ባለሙያ ጄፍ ኤመሪክ በቡድኑ ድራም መቺ በሪንጎ ስታር ባስ ድራም ውስጥ የሱፍ ሹራብ ከትቶ ማይክሮፎኑን እጅግ በማቅረቡ፣ አጭርና ድፍን ያለው ምት በቀረጻ ላይ ጎልቶ ተሰማ። የሮክ ቡድኑ የሌድ ዜፕሊን ድራም መቺ ጆን ቦንሃም ግን 26 ኢንች ስፋት ያለውን ድራም ብዙም ሳያፍን ይመታ ነበር፤ ሁለቱም አካሄዶች ለየሙዚቃቸው የተገቡ ነበሩ።

ማፈን ግን ዝም ማሰኘት አይደለም፤ የድምፁን መርዘም ይቆርጣል እንጂ የመጀመሪያውን ምት ኃይል እምብዛም አይቀንሰውም። በእርግጥ ዝግ ያለ ድምፅ የሚፈልግ ተጫዋች አየር በሚያሳልፍ የወንፊት ገጽ መጠቀም ወይም መምቻው በሚያርፍበት ገጽ ላይ የጎማ ንጣፍ ማልበስ ይኖርበታል። በፎቅ ቤት ደግሞ ችግሩ በአየር ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ የፔዳሉ ግፊት በቀጥታ ወደ ወለሉ ይወርዳልና፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ስፖንጅ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ቢቀንስም ከታች ላለው ጎረቤት ምንም አይጠቅምም። ለዚህ የሚረዳው ድራሙንና ወንበሩን አንድ ላይ የሚሸከም፣ ከሥሩ በቴኒስ ኳሶች ወይም በወፍራም ጎማ ላይ የተንሳፈፈ የጣውላ መድረክ ነው፤ ልስልሱ መደገፊያ ንዝረቱ ወደ ወለሉ ከመድረሱ በፊት ብዙውን ክፍል ይውጠዋል።