«እድሳት» እና «ለበረራ ማብቃት»

በአሮጌ የጦር አውሮፕላኖች ላይ የሚከናወነው ሥራ ሁሉ በደፈናው «እድሳት» ይባላል። ቃሉ ከግዕዙ «ሐደሰ» ጋር የተዛመደ ሲሆን አዲስ ማድረግን እንጂ ማብረርን አያመለክትም። ለቤተ መዘክር የሚዘጋጀው አውሮፕላን መልኩ ቢመለስለት ይበቃዋል፤ ሰው ይዞ የሚነሣው ግን በዝገት የተበላው አካሉ ተለውጦ፣ ሞተሩ ተፈትቶ ተመርምሮ፣ ብቃቱ በሕግ መረጋገጥ ይገባዋል። ለምሳሌ «ዶክ» የተሰኘው ቢ-29 ቦምብ ጣይ በአሜሪካ በሞሃቪ በረሃ 42 ዓመት ያህል ተጥሎ ከኖረ በኋላ፣ በዊቺታ ከተማ በበጎ ፈቃደኞች ተሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. ዳግም በርሯል። ይህን ሁለተኛውን ሥራ «ለበረራ ማብቃት» ማለትን እንመርጣለን፤ «ብቁ» እና «ብቃት» ከዚያው ከ«በቃ» የወጡ ናቸውና። ስያሜው ካልተለየ፣ ለዓይን ብቻ የታደሰው ለበረራ እንደ በቃ ሊቆጠር ይችላል፤ ስሕተቱም ሕይወት ያስከፍላል።