የጤና ሴት መምህራን ደኅንነት የአርሶ አደሩም ጉዳይ ነው

በገጠር ጤና ጣቢያ ነፍሰ ጡሯን የሚከታተሉት አዋላጆች፣ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሙያውን የቀሰሙት በዩኒቨርሲቲዎችና በጤና ሳይንስ ኮሌጆች ነው። ከመምህራኖቻቸው መካከል ሴቶቹ ጥቂት ናቸው። የእነዚህ ጥቂቶች የሥራ ሕይወት ሲጎሳቆል ጉዳቱ ከግቢው አልፎ ቀበሌ ድረስ ይዘልቃል።

የጤና ሳይንስ መምህር ሥራ ክፍል ገብቶ በማስተማር አይወሰንም። በማስተማሪያ ሆስፒታል ሕሙማንን ማከም፣ የሌሊት ተረኛ መሆን፣ ምርምር ማካሄድና ተማሪዎችን በመስክ መከታተልም አለበት። በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተጀመረው የጎንደሩ ተቋም፣ ለአብነት፣ የልዩ ልዩ ሙያ ተማሪዎችን በቡድን አደራጅቶ ወደ ጤና ጣቢያዎች በማሰማራት ይታወቃል። ለምታጠባ መምህርት እንዲህ ያለ የመስክ ሥራ ቀላል አይደለም።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው ከወሊድ በኋላ ነው። መምህርቷ የምታስተምረው፣ ተማሪዎቿም በየመንደሩ ለእናቶች የሚያደርሱት ምክር ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ ይጥባ የሚል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክርም ይኸው ነው። ለፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1064 ግን የወሊድ ፈቃዱን ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት አድርጎ ወስኖ ነበር። በምክሩና በዚያ ፈቃድ መካከል የሦስት ወር ክፍተት ነበር። አዋጁ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕፃናት ማቆያ እንዲቋቋም ማዘዙም ይህን ክፍተት ለማጥበብ የሚረዳ ነበር። ማቆያ በሌለበት ግቢ ግን መምህርቷ ራሷ የምታስተምረውን ለመፈጸም ትቸገራለች።

ሁለተኛው ጫና ከቁጥራቸው ማነስ ይመነጫል። በየኮሚቴው ሴት ትኑር መባሉ መልካም ነው፤ ሴቶቹ ጥቂት ሲሆኑ ግን ያቺው አንዲት መምህርት ለብዙ ኮሚቴ ትመረጣለች። የሴት ተማሪዎችን ብሶት የምትሰማውም እርሷው ናት። ይህ ድካም ለማዕረግ ዕድገት እንደ ምርምር ጽሑፍ አይመዘንም። በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በጥቁርና በሌሎች አናሳ ማኅበረሰቦች መምህራን ላይ የሚወድቀውን መሰል ሸክም ምሁራን «የአናሳዎች ግብር» ብለውታል። ሸክሙ ሲከብድ ምርምር ይዘገያል፤ ማዕረግ ይርቃል፤ አንዳንዷም ሥራውን ትለቃለች።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ መፍትሔው ሸክሙን መጋራት ነው። የሕፃናት ማቆያ ማቋቋም፣ የኮሚቴና የምክር አገልግሎትን በሥራ ጫና ስሌት ማስገባት፣ ለሌሊት ተረኞች መጓጓዣ ማዘጋጀት፣ ነባር መምህራን አዲሶቹን በምርምር እንዲደግፉ ማድረግ፣ የጾታዊ ትንኮሳ አቤቱታን በምሥጢር የሚቀበል አካል ማቆም ከተቋማቱ ይጠበቃል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ለሴቶች ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብትን ሲያረጋግጥ፣ ያለፈውን በደል የሚያካክሱ የድጋፍ እርምጃዎችንም ፈቅዷል።

ቀሪው ድርሻ የቤተሰብ ነው። ባል የልጅ እንክብካቤንና የቤት ሥራን ሲጋራ የመምህርቷ ሸክም ይቀላል። ሴት ልጁን ያለ ዕድሜዋ ከመዳር ይልቅ እስከ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አርሶ አደርም የነገዎቹ ሴት መምህራን ጥቂት ሆነው እንዳይቀሩ መሠረት ይጥላል።