አበባና ቆዳ፦ የመንግሥትና የንግዱ ምክክር ሁለት ዕጣዎች

በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አበባ ላኪዎች ዓመታዊ ገቢ ከ100 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። በዚያው ዓመት ፓርላማው ጥሬና በከፊል የለፋ ቆዳና ሌጦ ወደ ውጭ በሚልክ ነጋዴ ላይ እስከ 150 በመቶ የሚደርስ ታክስ የሚጥለውን አዋጅ ቁጥር 567 አጸደቀ። አበባው ዛሬም ከዋና ዋናዎቹ የውጭ ምንዛሪ ምንጮች አንዱ ነው። የቆዳውን ነገር ለማወቅ ግን በበዓል ማግስት በአዲስ አበባ መንደሮች ዞር ዞር ማለት ይበቃል፤ ድሮ ገዢ ይሻማበት የነበረው የበግ ቆዳ ፈላጊ አጥቶ በቆሻሻ ገንዳ ዳር ተጥሎ ይታያል።

ሁለቱንም ዘርፎች «ቅድሚያ የሚሰጣቸው» ብሎ የመረጠው ያው መንግሥት ነው። መንግሥትና ነጋዴው እንዴት ይመካከሩ ለሚለው የቆየ ጥያቄ መልስ ካለው፣ በእነዚህ በሁለቱ ልዩነት ውስጥ መፈለግ አለበት ባይ ነኝ።

አበባን የጀመሩት ጥቂት የግል ባለሀብቶች ናቸው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በማኅበር ተሰባስበው መንግሥትን ሲያነጋግሩ ጥያቄያቸው ቁርጥ ያለ ነበር፦ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የማይርቅ መሬት፣ የረጅም ጊዜ ብድር፣ የአውሮፕላን ጭነት። የተቀጠፈ አበባ ቀን አይሰጥምና ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሁለቱ ዋጋ የላቸውም። ደግነቱ ሦስቱም በመንግሥት እጅ ነበሩ። መሬቱን መንግሥት አቀረበ፤ ልማት ባንክ እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን የፕሮጀክት ወጪ አበደረ፤ ጭነቱን አየር መንገዱ ተሸከመ። አንዱ መሥሪያ ቤት ሲያጓትት ጉዳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ራሳቸው ወደሚመሩት የወጪ ንግድ አስተባባሪ ኮሚቴ ይሄድ ነበር። ደቡብ ኮሪያም በ1960ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተመሳሳይ መንገድ ተከትላለች፤ ፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ የወጪ ንግዱን ስብሰባ በየወሩ በሊቀ መንበርነት ይመሩ ነበር።

ቆዳው ግን በአንድ ግቢ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። በጉን ያረባው ገበሬ ነው። እከክ ቆዳውን ሲያበላሸው ጉዳዩ የግብርና ሚኒስቴርና የክልሉ የእንስሳት ሐኪም ይሆናል። የሚታረደው በአብዛኛው በየቤቱ ነው፤ የሚገፈውም ልምድ በሌለው እጅ ስለሆነ ቢላ ይበጣዋል። ከዚያ ሰብሳቢው፣ ጅምላ ነጋዴው፣ የሞጆና የሌሎች ከተሞች ቆዳ ፋብሪካዎች ይከተላሉ። ለማልፋት የሚያስፈልገው ኬሚካል ከውጭ ስለሚገባ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ነበረበት።

ታክሱ ከዚህ ሁሉ ሰንሰለት አንዷን ቀለበት ብቻ ነው የነካው። ሐሳቡ ሲሰሙት ትክክል ነው፦ ጥሬ ዕቃ አንሽጥ፣ እሴት ጨምረን እንላክ። በ2004 ዓ.ም. ክረስት የሚባለው ሊጠናቀቅ ጥቂት የቀረው ቆዳም በዚያው ታክስ ውስጥ ገባ። ነገር ግን እስከ መጨረሻው አልፍቶ ለመሸጥ ማሽን፣ ኬሚካል፣ የሥራ ማስኬጃ ገንዘብና የለመደ ደንበኛ ያስፈልጋል። የመላኪያው በር በአዋጅ ሲዘጋ እነዚህ አብረው አልተሟሉም። ገዢ ሲያንስ የጥሬው ዋጋ ወረደ፤ ዋጋው ሲወርድ ገበሬው ለቆዳው መጨነቁን ተወ። የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከዘርፉ በዓመት 500 ሚሊዮን ዶላር ያህል ጠብቆ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. ዕቅዱ ሲጠናቀቅ የተገኘው ሲሶውን እንኳ አልሞላም።

የምክክር መድረክ አልነበረም ማለት አይቻልም። የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ዛሬ ምክር ቤቶቹና የዘርፍ ማኅበራቱ የቆሙበት አዋጅ ቁጥር 341 በ1995 ወጥቷል። በ2002 መገባደጃ ላይ ደግሞ ንግድ ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ ንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት የመንግሥትና የግሉ ዘርፍ የምክክር መድረክ ለመመሥረት ተፈራረሙ። ጥናት ቀረበ፣ ቅሬታ ተነበበ፣ ሚኒስትሮች ማስታወሻ ያዙ። ይሁን እንጂ መድረኩ መሥሪያ ቤቶችን መልስ እንዲሰጡ የሚያስገድድበት ጉልበት አልነበረውም። በዚያ ላይ የዘመኑ የፖለቲካ ቋንቋ ነጋዴውን «ልማታዊ ባለሀብት» እና «ኪራይ ሰብሳቢ» ብሎ ለሁለት ከፍሎት ነበር። የትኛው ጎራ ውስጥ እንደሚመደብ ያላወቀ ሰው በአዳራሽ ተነሥቶ ሚኒስትር አይሞግትም።

እንደኔ ግምት የአበባው ስኬት ራሱ አንድ ችግር አስከትሏል፤ ቅንጅት ማለት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ማግኘት ነው የሚል ትምህርት ጥሎ አለፈ። ይህ ለጥቂት እርሻዎች ይሠራል። ለሚሊዮን በግ አርቢ አይሠራም።

ሌላ በር የከፈተው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ነው። ነጋዴውን በየቀኑ የሚነካው መመሪያ እንጂ አዋጅ አይደለም፤ መመሪያ ደግሞ ለረጅም ዘመን በአንድ ቢሮ ተረቅቆ በደብዳቤ የሚበተን ነገር ነበር። አሁን የፌዴራል መሥሪያ ቤት ረቂቁን ለሕዝብ አስታውቆ አስተያየት መቀበል አለበት፤ ያልተመዘገበና ያልታተመ መመሪያም ተፈጻሚ አይሆንም። ቅር የተሰኘ ሰው ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። ሕግ አውጪው ለአስፈጻሚው ልጓም አበጀ፣ ለዳኛውም ሥልጣን ሰጠ ማለት ነው።

በዚህ በር ለመግባት ግን የዘርፍ ማኅበራት በአባል መዋጮ ከሚተዳደር አንድ ጠባብ ቢሮ የተሻለ አቅም ያስፈልጋቸዋል። ረቂቅ መመሪያን አንብቦ፣ በአባላቱ ወጪና ገቢ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ አስልቶ፣ የአስተያየቱ ቀን ሳያልፍ በጽሑፍ የሚመልስ የሕግና የኢኮኖሚክስ ባለሙያ መቅጠር የሚችሉት ጥቂቶቹ ናቸው፤ የቆዳና ሌጦ ሰብሳቢው ደግሞ ከእነዚህ ጥቂቶች መካከል የለም።