በደጋው አናሳብብ

ጋሸና ላይ ሕፃን ሲታመም ለሁሉም የሚበቃ አንድ ሰበብ አለ፤ ብርዱ። ቢያስለው ብርድ ነው፣ ትንፋሹ ቆረጥ ቆረጥ ቢል ብርድ ነው። ከንፈሩ ጠቆር ካለማ ከእኛ ከጤና ባለሙያዎቹም ቢሆን «ደጋው ነው» የሚል አይጠፋም። ሰበቡ ባዶ አይደለም። ከተማዋ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክሲጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚያስገባው 70 በመቶው ገደማ ነው።

ደጋውን የለኩት ሰዎች ያገኙት ግን ሌላ ነው። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት፣ ሰሜን ተራሮች አምባራስ ላይ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችን ሳቹሬሽን (የደም ኦክሲጅን ሙሌት) ይዘግባል፤ አማካዩ 95 በመቶ ነበር። አምባራስ ከጋሸና ይበልጥ ደጋ ነው። የተለኩት 14 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ስለሆኑ ቁጥሩ ለጨቅላ እንዳለ አይወሰድም። የሕፃኑ ጣት ከበረደም የሳቹሬሽን መለኪያው ይዋሻል፤ ስለዚህ እጁን እናቱ ብብት ውስጥ አሙቄ ነው የምለካው። ሞቆ፣ ነቅቶ፣ ሳያለቅስ መለኪያው 84 ካነበበ ግን በደጋው አላሳብብም።

ደጋው የሚጠየቅበት ጉዳይ ሌላ ነው። ፅንስ በማሕፀን ሳለ በሳንባው ስለማይተነፍስ፣ ወደ ሳንባ መሄድ የነበረበት ደም አብዛኛው በአንዲት አጭር ቱቦ አቋርጦ ወደ ዋናው የደም ቧንቧ ያልፋል። ሕፃኑ ተወልዶ ሲተነፍስ በደሙ የሚጨምረው ኦክሲጅን ቱቦዋን ያኮማትራታል፤ በሁለት ሦስት ቀን ትዘጋለች። አየሩ ሲሳሳ ይህ መኮማተር ይደክማል። በፔሩ አንዲስና በቻይና ቺንግሃይ የተደረጉ ጥናቶች በከፍታ ቦታ ቱቦዋ ሳትዘጋ የቀረችባቸው ልጆች እንደሚበዙ አሳይተዋል። አብረው ከሚወለዱ የልብ ጉድለቶች ሁሉ ቀድሞ በቀዶ ሕክምና የተዘጋውም ይኸው ነው፤ በ1938 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ ሮበርት ግሮስ የተባለ ወጣት ሐኪም የሰባት ዓመት ልጅ ላይ ቋጠረው፤ ያውም አለቃው በሌለበት።

ቱቦዋ ያልተዘጋችለትን ልጅ መጀመሪያ የምታውቀው እናቱ ናት። «ጡት ይይዛል፣ ወዲያው ይለቃል፤ ግንባሩን ላብ ያጠምቀዋል» ትላለች። ጎረቤት «እንጥሉ ወርዶ ነው» ይላታል፤ እንጥል ቆራጭም ሩቅ አይደለም። እንጥሉ ሲቆረጥ መድማቱ አንድ ነገር ነው፤ ከቁስሉ ወደ ደም የሚገባው ተህዋስ የተጎዳ ልብ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ሌላ በሽታ ይሆናል። ካርዱን ሳገላብጥ የሳንባ ምች ተደጋግሞ ተጽፎ ካገኘሁ፣ ማዳመጫዬን ከግራው የአንገት አጥንት ሥር አሳርፋለሁ። ቱቦዋ ክፍት ከሆነች እንደ ወፍጮ ቤት የማያቋርጥ ድምፅ ይሰማል።

ቱቦዋ ሳትዘጋ ዓመታት ሲያልፉ ሳንባው ውስጥ ያለው ግፊት ያይልና ደሙ አቅጣጫውን ይለውጣል። ያን ጊዜ ቱቦዋን መዝጋቱ ራሱ ይጎዳል። ምልክቱ ተንኮለኛ ነው፤ የእጁ ጣት ቀይ፣ የእግሩ ጣት ጥቁር። ጫማ ተጫምቶ፣ ጋቢ ተጠቅልሎ የመጣን ልጅ እጁን ብቻ ለክቶ መሸኘት እዚህ አገር ቀላል ነው። ቀኝ እጅና እግር፣ ሁለቱም ይለኩ።

የልብ ምት መዛባት ከደጋው ጋር ዝምድና የለውም። ትኩሳት ያለበት ጨቅላ ልቡ በደቂቃ 180 ሊመታ ይችላል፤ ሲረጋጋ ይቀንሳል። ከ220 በላይ ሆኖ፣ ቢያለቅስም ቢተኛም ንቅንቅ ካላለ ግን ምቱ መሥመሩን ስቷል። በረዶና ውሃ የያዘ ላስቲክ ግንባሩና ፊቱ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ማሳረፍ፣ አፍና አፍንጫውን ሳይሸፍኑ፣ ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። ዓይን መጫን ግን ክልክል ነው።

ራሳቸውን የሚስቱ ወጣቶች ጉዳይም አለ። በጾም፣ ቅዳሴ ላይ ለረጅም ሰዓት ቆማ ዓይኗ ጭልም ብሎባት የወደቀች ልጅ ብዙም አታስጨንቀኝም። ስትሮጥ ወይም ስትደነግጥ በድንገት የወደቀች፣ ከቤተሰቧም በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ያለባት ግን ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ሳትነሣ ወደ ቤት አትመለስም። ጠበሉንም አልከለክላት፤ ኢሲጂው ይቅደም ነው የምለው።

ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ፍለጋ በወልድያ በኩል ወደ ደሴ፣ ወይም በደብረ ታቦር በኩል ወደ ባሕር ዳር መሄድ አለ። ለቀዶ ሕክምና ደግሞ አዲስ አበባ። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1981 ዓ.ም. የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ልጆችን ውጭ አገር እየላከ ሲያሳክም ቆይቶ፣ በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከሉን ከፈተ። ወረፋው በሺዎች ይቆጠራል። በዚያ ወረፋ ማን እንደሚቀድም የሚወስነው ሐኪም የጋሸናን ልጅ መጀመሪያ የሚያውቀው በወረቀት ነው። «የልብ ድምፅ አለው» የሚል አንድ መሥመር ጽፎ መላክ አይበቃም። የቀኝ እጁና የእግሩ ሳቹሬሽን፣ ክብደቱ ከቀደመው ጋር፣ ስንቴ በሳንባ ምች እንደተኛ ይጻፍ። ለአባትየውም ቅጂው ይሰጠው፤ መንገድ ላይ ወረቀት ይጠፋል።