ልጅዎ ጁጁትሱ ሲማር፦ በቅድሚያ ስለ ትንፋሽ

በወልድያና በመርሳ ላደግን ሰዎች ትግል እንግዳ አይደለም። በእኛ ትግል ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ ይባላል። ልጆች ዛሬ በስልክ የሚያዩት የብራዚል ጁጁትሱ ግን ገና እዚያ ላይ ይጀምራል። ምንጩ በ1914 እ.ኤ.አ. ብራዚል የገባው ጃፓናዊ ሚትሱዮ ማዬዳ ያስተማረው ጁዶ ነው።

በጀርባው የተኛው በእግሮቹ ይከላከላል፤ ከላይ ያለው እግሮቹን አልፎ ደረት ለደረት ለመግጠም ይታገላል። ያለ ጃኬት ሲሆን የሚጨበጥ ልብስ የለም። ስለዚህ እጁን በብብት ሥር አስገብቶ፣ ዳሌውን ዝቅ አድርጎ፣ በትከሻው እየተጫነ ቀስ ብሎ ያልፋል።

በነርስነት እንደሠራ ሰው የሚያሳስበኝ የታችኛው ልጅ ነው። ስንተነፍስ ጎድን ይሰፋል፣ ሆድ ይነሳል፤ ሁለቱም ከተጫኑ ትንፋሽ ያጥራል። ስለዚህ ልጅ መጫንን ከመማሩ በፊት መልቀቅን ይማር። የታችኛው በእጁ ደጋግሞ መታ መታ ካደረገ፣ እጁ ከተያዘም በአፉ ከተናገረ፣ የላይኛው ወዲያው ይነሳ። ተጋጣሚዎች በዕድሜም በክብደትም ይቀራረቡ። የታችኛውም ወደ ጎኑ ዞር ብሎ፣ ክርኑን ከጉልበቱ አቀራርቦ ለደረቱ ቦታ ያብጅ።

አንገቱን ያመመው ወይም እጁ የደነዘዘ ልጅ ልምምዱን አቁሞ ጤና ጣቢያ ይታይ። ቆዳ ለቆዳ ንክኪ የቆዳ ፈንገስ ሊያስተላልፍ ይችላልና ከልምምድ በኋላ በሳሙና ይታጠብ፤ ፎጣም አይዋዋስ።

ከማስመዝገባችሁ በፊት አሠልጣኙን «ልጄ መታ ሲያደርግ ምን ይደረጋል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ወዲያው ይለቀቃል» ካላለ ሌላ ቦታ ፈልጉ።