ሜዳው የማን ነው? የግል ጎልፍ ክለብ ታሪክ ከኢሉባቦር ሲታይ



የዛሬው ርእሴ በከተማ ዳርቻ የተቋቋሙ የግል የጎልፍ ክለቦች ታሪክ ነው። «መቱ ተቀምጦ ስለ ጎልፍ መናገር ምን ይረባል?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን የእነዚህ ክለቦች ታሪክ በዋናነት የመሬት ታሪክ ነው፤ መሬት ደግሞ የእኛም ጉዳይ ነው።

ጨዋታው ሥር ከሰደደባት ከስኮትላንዷ ሴንት አንድሩስ ልነሣ። እ.ኤ.አ. በ1552 የተጻፈ ሰነድ ነዋሪዎቿ በባሕሩ ዳር ባለው አሸዋማ ሜዳ የመጫወት መብት እንዳላቸው አረጋገጠ። በ1797 ግን ከተማዋ ዕዳ ስለ በዛባት ሜዳውን ሸጠችው፤ ጥንቸል አርቢዎችም ገቡበት። በተጫዋቾችና በአርቢዎች መካከል ረጅም ሙግት ተነሣ። ከተማዋ ሜዳውን መልሳ የያዘችው በ1894 ነበር። ዛሬም በዚያ ክለቦቹ የግል ናቸው፤ ሜዳው ግን የሕዝብ ነው።

አሜሪካ ሌላ መንገድ ያዘች። በ1882 ቦስተን አጠገብ በብሩክላይን የተመሠረተው «ዘ ካንትሪ ክለብ» መጀመሪያ የፈረስ ግልቢያ ማኅበር ነበር፤ ጎልፍ የገባበት በ1893 ነው። ባቡርና ትራም ባለሀብቱን ከከተማ ጭስ አውጥተው በዳርቻ ሲያሰፍሩት መሰል ክለቦች በረከቱ። መሬት ገዙ፣ አጠሩ፣ አባሎቻቸውንም ራሳቸው መረጡ። ብዙዎቹ ጥቁሮችንና አይሁዶችን አያስገቡም ነበር። የባለሙያ ጎልፍ ተጫዋቾች ማኅበር እንኳ አባልነትን ለነጮች ብቻ የሚፈቅደውን ደንቡን የሰረዘው በ1961 ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት ጎሬ የውጭ አገር ነጋዴዎችና የእንግሊዝ ቆንስላ የነበሩባት ከተማ ነበረች። ቡናው በበቅሎ ወደ ጋምቤላ ወርዶ በክረምት በባሮ ወንዝ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይጓዝ ነበር። ዝናቡም ሣሩም ሞልቶ ነበር። ያልነበረው፣ ጠዋት ለሥራ ወደ ከተማ ገብቶ ማታ ወደ ዳርቻው የሚመለስ ነዋሪና እርሱን የሚያመላልስ ባቡር ነው። የዳርቻ ክለብ የሚወለደው ከዚህ ኑሮ ነው።

በእኛ አገር በ1967 ዓ.ም. የወጡት የገጠርና የከተማ መሬት አዋጆች መሬትን ከግል ይዞታ አወጡ። ስለዚህ ማንም መሬት ገዝቶ ለዘለዓለም ሊያጥር አይችልም። በሊዝ ግን ለረጅም ዘመን ማጠር ይቻላል። ከተሞቻችን ሲሰፉ ከብት የሚግጥበትና ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ በፕላን ላይ «ክፍት ቦታ» ተብሎ ይሰፍራል፤ ክፍት የተባለውም ቀድሞ ይታጠራል። የነገ የፕላን ባለሙያዎች እናንተ ናችሁና ይህን ቃል ስትጽፉ ቆም ብላችሁ ጠይቁ። ማኅበር አባሉን ቢመርጥ መብቱ ነው። ሜዳውን ለማን እንደምንሰጥ መወሰን ግን የነዋሪው ሁሉ ጉዳይ ነው።